ድንጋዩ የት ተገኘ?

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጡረታ የወጣሁ ቀያሽ ነኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ በሌላው በቴዎዶላይት፣ በቀያሽ መለኪያ መነጽር፣ ሳይ ኖርኩ። ጋዜጣችሁን ከፊት ገጽ እስከ ጨረታ ማስታወቂያው ድረስ አነባለሁ። ደብዳቤ ስጽፍላችሁ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ከወንበሬ ያስነሣኝ ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁት «መጽሐፍ ቅዱስ እውነት መሆኑ በአዲስ ግኝት ተረጋገጠ» የሚለው ጽሑፍ ነው።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ማን አገኘው? የለም። የት? «በመካከለኛው ምሥራቅ» ይላል። መካከለኛው ምሥራቅ ደግሞ ሰፊ ነው። መቼ? «በቅርቡ»። አሁን የት ነው ያለው? ዝም። ሲቸግረኝ አጉሊ መነጽሬን አምጥቼ ፎቶውን መመርመር ጀመርኩ። ጥቁር ድንጋይ ነው። አንዱ ጫፉ ክብ፣ አንዱ ጠፍጣፋ። ክቡ ወደ ታች ሆኗል። ጋዜጣውን ገለበጥኩት። ኧረ ይሄን ድንጋይ አውቀዋለሁ! አንዳንዱ ክፍል ሻካራ፣ አንዳንዱ ለስላሳ፣ መሐሉን ስንጥቅ የሞላው። የሞዓብ ንጉሥ የሞሳ ድንጋይ ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን! አዲስ ያላችሁት ግኝት የተገኘው በ1868 ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ያውም ዘቅዝቃችሁ ነው ያተማችሁት።

የድንጋዩን ታሪክ ብትጠይቁ ኖሮ ከርእሳችሁ የበለጠ የሚነበብ ነገር ታገኙ ነበር። ፍሬድሪክ ክላይን የሚባል ሚስዮናዊ ዲቦን ላይ፣ በዛሬዋ ዮርዳኖስ፣ ተጋድሞ አየው። ያኔ ሙሉ ነበር ማለት ይቻላል። ወሬው ሲሰማ የጀርመንና የፈረንሳይ ሰዎች ሊወስዱት ተሻሙ። ሻርል ክሌርሞን-ጋኖ የተባለው ፈረንሳዊ ምሁር ያዕቆብ ካራቫካ የሚባል ሰው ላከና የጽሑፉን ቅጂ በእርጥብ ወረቀት እንዲያነሣ አዘዘው። ወረቀቱ ርሶ ድንጋዩ ላይ ይለጠፋል፣ በብሩሽ ይመታል፣ ሲደርቅ የፊደሉን ቅርጽ ይዞ ይነሣል። ታዲያ ሳይደርቅ ጠብ ተነሣ። አንዱ ሰው በጦር ተወጋ። ሌላው ወረቀቱን እርጥብ እንዳለ ገነጣጥሎ፣ ልብሱ ውስጥ ወሽቆ፣ በፈረስ አመለጠ። ብዙም ሳይቆይ የአካባቢው ዘላኖች ድንጋዩን በእሳት አግለው ቀዝቃዛ ውሃ አፈሰሱበትና ፈረካከሱት። ዛሬ ፓሪስ፣ ሉቭር ሙዚየም ውስጥ የቆመው ከስብርባሪው የተገጣጠመው ነው። የጎደለው ክፍል የተሞላው ያን ከጦር የተረፈ ወረቀት እያዩ ነው። ለስላሳው ክፍል እሱ ነው።

ሞሳ በ34 መስመር ምን ይላል? የእስራኤል ንጉሥ ዘንበሪ ሞዓብን ብዙ ዘመን አስጨነቀ፤ ምክንያቱም አምላካችን ካሞሽ በምድሩ ተቆጥቶ ነበር፤ እኔ ግን አሸነፍኩ፣ እስራኤልም ለዘላለም ጠፋች። ሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 3 ላይ ደግሞ ያው ሞሳ በግ አርቢ ነው። መቶ ሺህ ጠቦትና የመቶ ሺህ አውራ በግ ጠጉር ይገብር ነበር። አክዓብ ሲሞት ሸፈተ። እንግዲህ መሸፈቱን ሁለቱም ይናገራሉ። ማን አሸነፈ የሚለው ላይ ሲደርሱ ግን ሁሉም የራሱን ይተርካል። ተረጋገጠ ከተባለ የተረጋገጠው ይሄ ነው፤ ሞሳ የሚባል ንጉሥ ነበር፣ ዘንበሪ የሚባል ንጉሥ ነበር፣ በሞዓብና በእስራኤል መካከልም ጭቆናና ጠብ ነበር። ትንሽ ነገር ነው አልልም። ርእሳችሁ ላይ ከተጻፈው ጋር ግን አይገናኝም።

በነገራችን ላይ፣ እስራኤል ጠፋች ተብሎ በድንጋይ ሲጻፍ ይሄ የመጀመሪያው አይደለም። የግብፁ ፈርዖን መርኔፕታ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1208 ገደማ፣ ማለትም ከሞሳ ሦስት መቶ ዓመት ከምናምን ቀድሞ፣ «ዘሩ የለም» ብሎ አስቀርጾ ነበር። ፍሊንደርስ ፔትሪ በ1896 ቴብስ ላይ ያገኘው ድንጋይ ነው። አብዛኛው ምሁር እንደሚስማማበት ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጭ የእስራኤል ስም መጀመሪያ የተገኘው እዚያ ላይ ነው። እስቲ አስቡት፤ አንድ ሕዝብ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሙ ሲነሣ በመርዶው ላይ!

ልሳለቅባችሁ አይደለም የምጽፈው። እኔ ራሴ የባሰ ተሸውጃለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ፎቶ በስልኬ መጣ። ጉድጓድ ውስጥ የተጋደመ ግዙፍ የሰው አጽም። ቆፋሪው ከራስ ቅሉ አጠገብ ሕፃን መስሏል። ልቤ ቀጥ አለ። «ዘፍጥረት 6፣ ግዙፋኑ ኔፊሊም!» ብዬ ለዘመድ ወዳጁ ሁሉ ላክሁት። ከሰዓታት በኋላ የእህቴ ልጅ ደወለ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የውድድር ፎቶ ነው» አለኝ። በ2002 ኢንተርኔት ላይ በተካሄደ የፎቶ ማቀናበር ውድድር የተሠራ ነበር። መነሻው በ2000 ኒው ዮርክ ግዛት፣ ሃይድ ፓርክ ውስጥ የማስቶዶን አጽም ሲወጣ ከላይ የተነሣ ፎቶ ነው። ማስቶዶን የጠፋ፣ ዝሆን መሰል እንስሳ ነው። ያ ሁሉ ዘመን ልኬት የሠራሁ ሰውዬ መለኪያው የት አለ ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም። የቁፋሮ ፎቶ ላይ እኮ ባለ ቀለም የመለኪያ ዘንግ ይቀመጣል። ለላክሁላቸው ሁሉ አንድ በአንድ ይቅርታ ጻፍኩ። ሁለቱ አሁንም ፎቶው እውነት ነው ይላሉ።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄዬ አንድ ነው፤ የት ተገኘ? ለቀያሽ ቦታው የማይታወቅ ነጥብ ነጥብ አይደለም። ቆፋሪዎችም እንደዚያው ናቸው። እቃው ከየትኛው ንብርብር ወጣ፣ ከላዩ ምን ነበር፣ ከሥሩ ምን ነበር፣ አጠገቡ ምን ሸክላ ተገኘ፤ ዘመኑን የሚነግራቸው እሱ ነው።

የቴል ዳንን ድንጋይ ልውሰድላችሁ። ይሄን በተለይ የምወደው ያገኘችው የሙያ ባልደረባዬ ስለሆነች ነው። በ1993 ክረምት፣ በሰሜን እስራኤል፣ በአቭራሃም ቢራን የቁፋሮ ቡድን ውስጥ ቀያሽ የነበረችው ጊላ ኩክ በአንድ ግንብ አጠገብ ታልፋለች። ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ብርሃኑ ድንጋዩን በጎን ሲመታው ፊደሎቹ ጥላ ጣሉ። በጠራራ ፀሐይ ቢሆን ማንም ላያየው ይችል ነበር። ማለዳና አመሻሽ ላይ መሬት ያየ ሰው ይሄን ነገር ያውቀዋል፤ ቀትር ላይ ሜዳ የሚመስለው ሁሉ ወደ ማታ ጉብታና ጎድጓዳው ይለያል።

ድንጋዩ ተሰብሮ፣ ግንብ ውስጥ እንደ ማንኛውም ድንጋይ ተገንብቶ ነው የተገኘው። ከበላዩ የአሦሩ ንጉሥ ቴልጌልቴልፌልሶር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ732 ገደማ ከተማዋን ሲያጠፋ የወደቀው ፍርስራሽ ነበር። ስለዚህ ድንጋዩ ከዚያ በፊት ተጽፏል፣ ከዚያ በፊት ተሰብሯል፣ ከዚያ በፊት ግንብ ሆኗል። ሊቃውንቱ ከክርስቶስ ልደት በፊት ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን ላይ ያስቀምጡታል። በዓመቱ ሁለት ስባሪ ተጨመረለት። ጽሑፉ የአራማውያን፣ የጥንት ሶርያውያን፣ ነው። ከመስመሮቹ በአንዱ «ብይትድውድ» የሚሉ ስድስት ፊደሎች አሉ። ለእኛ ማን ይተርጉምልን! ቤተ ዳዊት ነው። ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጭ የዳዊት ስም በግልጽ ሲገኝ የመጀመሪያው ነበር።

ክርክሩ የተነሣው ደግሞ ከየት መሰላችሁ? ከነጥብ። የድንጋዩ ጸሐፊ ቃልና ቃልን በነጥብ ይለያል፤ እኛ በሁለት ነጥብ እንለይ እንደነበረው። «ቤት» እና «ዳዊት» መካከል ግን ነጥብ የለም። ስለዚህ የቦታ ስም ነው፣ ሌላ ነገር ነው ያሉ ተነሡ። ዛሬ አብዛኞቹ ቤተ ዳዊት በሚለው ይስማማሉ። ለመንግሥት ስም አጣምሮ መጻፍ እንግዳ ነገር አይደለም።

አሁን ደግሞ ርእስ የሚወድ ሰው የሚዘልለው ነገር አለ። ያ ድንጋይ፣ በተለመደው አነባበብ፣ የእስራኤልን ንጉሥ ኢዮራምንና ከቤተ ዳዊት የሆነውን አካዝያስን የገደልኩ እኔ ነኝ የሚል የሶርያ ንጉሥ ድንጋይ ነው፤ ምናልባት አዛሄል። ሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 9 ግን ሁለቱንም የገደለው የእስራኤል ጦር አለቃ የነበረው ኢዩ ነው ይላል። እና የቱን እንያዝ? አንዱ ድንጋይ ዳዊትን ሲጠቅስ «ተረጋገጠ»፣ እዚያው ላይ ሌላ ሲናገር ደግሞ ዝም? እኔ በበኩሌ ነገሥታት ያልገደሉትን ሲፎክሩበት አዲስ አይሆንብኝም። ይሄ ግን የእኔ ግምት ነው። ድንጋዩ ላይ አልተጻፈም።

እንደ ሰናክሬም ያለው ሲገኝ ደስ ይላል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ701 ይሁዳን የወረረው የአሦር ንጉሥ ታሪኩን በሸክላ ላይ አስጽፏል። 46 የተመሸጉ ከተሞች ያዝኩ፣ የይሁዳን ንጉሥ ሕዝቅያስን በኢየሩሳሌም እንደ ወፍ በጎጆዋ ዘጋሁበት ይላል። ሠላሳ መክሊት ወርቅ ተቀበልኩ ይላል። መጽሐፍ ቅዱሱም ሠላሳ መክሊት ወርቅ ይላል! ብሩ ላይ ሲመጡ ግን አንዱ ሦስት መቶ፣ አንዱ ስምንት መቶ። የገባሪና የአስገባሪ ሒሳብ መቼ ገጥሞ ያውቃል። ኢየሩሳሌምን ያዝኩ የሚል መስመር ደግሞ ሸክላው ላይ የለም።

ከሁሉም ግን ልቤ ያለው ሰሊሆም ላይ ነው። ሕዝቅያስ ውሃውን ወደ ከተማዋ አመጣ ይላል መጽሐፉ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር። በኢየሩሳሌም ሥር ያለው ዋሻ 533 ሜትር ነው። ከግዮን ምንጭ እስከ ሰሊሆም መጠመቂያ ይደርሳል። ሁለት ቡድን ከሁለት ጫፍ ድንጋይ እየፈለፈለ መጥቶ መሐል ላይ ተገናኘ። መስመሩ ቀጥ ያለ አይደለም፣ እንደ እባብ ይጠማዘዛል። ቀጥ ቢል ርቀቱ ከሦስት መቶ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ተዳፋት ደግሞ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ! ጓድ፣ በዚህ ዘመን መሣሪያ ይዤ 30 ሳንቲ ሜትር በግማሽ ኪሎ ሜትር ላይ ለመጠበቅ ላቤ ይንጠፈጠፍ ነበር። እነዚያ ሰዎች በጨለማ፣ በመብራት ጭስ፣ ከእግራቸው ሥር ውሃ ይዘው ሠሩት። መንገዱን እንዴት እንደያዙ እስከ ዛሬ ያከራክራል። የተፈጥሮ ስንጥቅ ተከትለው ነው የሚሉ አሉ። ከላይ በድንጋይ እየተመታ ድምፅ እየሰሙ ነው የሚሉም አሉ። እኔ ወደ ድምፁ አደላለሁ።

ለምን ብትሉኝ፣ ራሳቸው ጽፈውታል። በ1880 ዋሻው ውስጥ ሲጫወቱ የነበሩ ልጆች ግድግዳው ላይ ጽሑፍ አዩ። ስድስት መስመር ነው። ሦስት ክንድ ሲቀር አንዱ ሌላውን ሲጣራ ድምፅ ተሰማ፣ በተገናኙ ቀን ዶማ በዶማ ላይ አረፈ፣ ውሃውም አንድ ሺህ ሁለት መቶ ክንድ ፈሰሰ ይላል። አካፈልኩት። ክንዱ 44 ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ይመጣል። የእኔን ክንድ ለካሁ፣ ትንሽ ይበልጣል።

ሕዝቅያስ የሚል ስም ግን እዚያ ጽሑፍ ላይ የለም። የማንም ንጉሥ ስም የለም። በ2003 የታተመ ጥናት የዋሻውን ልስን መርምሮ ዘመኑን ከክርስቶስ ልደት በፊት 700 ገደማ አድርጎታል፣ ከሕዝቅያስ ጋር ይገጥማል። ቦታው፣ ፊደሉ፣ ልስኑ ተያይዘው ነው የመሰከሩት። ጽሑፉን በኋላ ሌቦች ፈልፍለው አወጡት፣ ሲወጣም ተሰባበረ። ዛሬ ኢስታንቡል ነው። ግን ከየት ግድግዳ እንደወጣ ስለሚታወቅ ዋጋውን አላጣም።

ቦታውን ያጣ ነገር ምን እንደሚሆን ደግሞ እዩ። በ1988 የእስራኤል ሙዚየም አውራ ጣት የምታክል የዝሆን ጥርስ ሮማን በ550,000 ዶላር ገዛ። ከሰሎሞን መቅደስ የቀረች ብቸኛ እቃ ተባለች። ከገበያ ነው የተገዛችው። በ2004 ግን ላይዋ ያለው ጽሑፍ ተመርምሮ በቅርብ ዘመን የተጨመረ ነው ተባለ። በ2002 ደግሞ «ያዕቆብ፣ የዮሴፍ ልጅ፣ የኢየሱስ ወንድም» የሚል የአጽም ሣጥን ዓለምን አዳረሰ። የመጣው ከአንድ ሰብሳቢ ቤት ነው። ጽሑፉ ተፈብርኳል በሚል ለዓመታት የቆየ ክስ በ2012 በነፃ ተቋጨ። ዳኛው ግን ጽሑፉ እውነተኛ ነው ማለቴ አይደለም አሉ። ነገሩ እንዲሁ ተንጠልጥሎ ቀረ። ዋሽንግተን ያለው የመጽሐፍ ቅዱስ ሙዚየም የሙት ባሕር ጥቅልል (በሙት ባሕር ዳር ዋሻዎች የተገኙት ጥንታዊ ጽሑፎች) ቁራጭ ብሎ የሰበሰባቸው 16ቱም በ2020 ሐሰተኛ መሆናቸው ታወቀ። አሥራ ስድስቱም!

እውነተኞቹ የሙት ባሕር ጥቅልሎች ግን ዋሻቸው ይታወቃል። አራተኛው ዋሻ ውስጥ የመጽሐፈ ሄኖክ ቁርጥራጮች በአራማይክ ተገኝተዋል። መጽሐፉን ሙሉውን ያቆየው የእኛው ግእዝ ብቻ መሆኑን አንባቢዎቻችሁ ያውቃሉ። ቁርጥራጮቹ የግእዙ መጽሐፍ ሥሩ ከክርስቶስ ልደት በፊት እንደሚደርስ አሳዩ። ይሄን ዜና አንድ ቀን ፊት ገጽ ላይ ብታወጡት ምን አለ?

ኢያሪኮን ሳላነሣ ባልፍ ግን ራሴን እታዘበዋለሁ። ጆን ጋርስታንግ በ1930ዎቹ የወደቀ ቅጥር አገኘና የኢያሱ ቅጥር ነው አለ። ጋዜጦች ያኔም እንደ እናንተው ጻፉ። ከ1952 እስከ 1958 ካትሊን ኬንየን ቆፈረች። ሸክላውን ንብርብር በንብርብር አይታ ያ ቅጥር ከኢያሱ ዘመን ሺህ ዓመት ገደማ ቀድሞ የወደቀ መሆኑን አሳየች። ኢያሱ ነበረበት በሚባለው ዘመን ደግሞ ቅጥር ያለው ከተማ አላገኘችም። አፈሩ በዝናብ ታጥቦ ሄዶ ነው የሚሉ አሉ። ሊሆን ይችላል። እኔ አማኝ ነኝ፤ ይህን ሳነብ ደስ አላለኝም። ሆኖም የሰሊሆምን ልኬት ተቀብዬ የኢያሪኮን አልቀበልም ብል የትኛው ሙያ ይፈቅድልኛል?

ለተቃራኒው ወገንም ይሄው ነው። በአንድ ዘመን ብልጣሶር የሚባል ሰው አልነበረም፣ የባቢሎን መጨረሻ ንጉሥ ናቦኒደስ ነው ይባል ነበር። በ1854 በዛሬዋ ኢራቅ፣ ዑር ላይ ናቦኒደስ ለበኩር ልጁ ለብልጣሶር የሚጸልይበት ሸክላ ተገኘ። አልነበረም ያሉት አፈሩ። ያው ሸክላ ግን ትንቢተ ዳንኤል የናቡከደነፆር ልጅ የሚለውን ሰው የናቦኒደስ ልጅ ያደርገዋል።

የፋርሱን ንጉሥ የቂሮስን ሸክላም ብዙ ጊዜ ስለ አይሁድ መመለስ የተጻፈ አዋጅ ነው ትላላችሁ። የባቢሎንን ከተማ፣ አማልክትን ወደየመቅደሳቸው መመለስን ነው የሚያወራው። አይሁድም ኢየሩሳሌምም አልተጠቀሱም። ከዕዝራ መጽሐፍ ጋር አካሄዱ ይመሳሰላል፣ በቃ። ደግሞ ያን ሸክላ በ1879 ያስቆፈረው ማን ይመስላችኋል? አጼ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ያሰሩት የእንግሊዝ መልእክተኛ ራሳም! ከእግር ብረት ወጥቶ በአሥራ አንድ ዓመቱ።

እኔን ከትልልቆቹ ይልቅ የምትገርመኝ አንዲት ተራ ደረሰኝ ነች። ጀርመኖች ባቢሎን ላይ ሲቆፍሩ ካወጧቸው ሸክላዎች መካከል የቤተ መንግሥቱ የዘይት ወጪ መዝገብ ነበር። ለይሁዳ ንጉሥ ለዮአኪን ይህን ያህል፣ ለአምስት ልጆቹ ይህን ያህል። ሁለተኛ ነገሥት የሚዘጋው በዚሁ ዮአኪን ነው፤ ተማርኮ ባቢሎን ሄዶ በንጉሡ ማዕድ ይበላ በነበረው። መዝገቡን የጻፈው የግምጃ ቤት ሰው ማንንም ሊያሳምን አልፈለገም። ዘይቱ እንዳይጎድል ነው የጻፈው። እንዲህ ዓይነቱን አምናለሁ።

ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ መስመር ነው። ከእንግዲህ እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ስታወጡ ከፎቶው ሥር ማን፣ መቼ፣ የት አገኘው፣ ዛሬ የት አለ ብላችሁ ጻፉ። ከገበያ የተገዛ ከሆነም ከገበያ ነው በሉ። የሚቀጥለው እትም ላይ ደግሞ የሞሳን ፎቶ መልሳችሁ አትሙልኝ። ክቡ ወደ ላይ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛው ቀያሽ